የእኛ ያልሆነው ገንዘብ

የንባብ ክፍል፦ ሉቃስ 14፥28-30፤ ምሳሌ 11፥1፤ ያዕቆብ 4፥13-15



ይህን የምንጽፈው ባልና ሚስት ሆነን ነው። የምንኖረው በመካነ ሰላም ነው፤ አንዳችን ባንክ ቤት፣ አንዳችን ትምህርት ቤት እንሠራለን። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በከተማችን ስላለ፣ ከተመራቂ ወጣቶች አንድ የጸሎት ርዕስ ደጋግሞ ይደርሰናል፤ «ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር መሄድ እንፈልጋለን፣ ጸልዩልን» ይሉናል። እኛም በዚሁ መንገድ አልፈናል። ለማመልከት የተነሳው ባል ነው፤ ውሳኔው ግን የሁለታችን ስለነበር፣ የሳትነውም አብረን ስለሆነ፣ «እኛ» እያልን እንጽፋለን።

ምኞቱ ክፉ አልነበረም። የመረጥነው በፋይናንስ ሁለተኛ ዲግሪ ነው። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ አጸደቀ። በቀጣዩ ወር፣ ጥር 2 ቀን፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በአዲስ አበባ በይፋ ተከፈተ። የአክሲዮንን ዋጋ የሚመዝን፣ የብድርን ስጋት የሚለካ ሰው አገራችን እንደሚያስፈልጋት በመስኮታችን ላይ ተቀምጠን እናይ ነበር። ብር መቁጠር አንድ ሙያ ነው፤ አንድ ድርጅት ስንት እንደሚያወጣ መርምሮ መናገር ሌላ ሙያ ነው።

ስህተታችን አመራረጣችን ላይ ነበር። በዘፍጥረት 13 ሎጥ ዓይኑን አንሥቶ ለምለሙን ሜዳ እንዳየ፣ እኛም ለምለሙን አየን። ብሪታንያ የሚገኝ የአንድ ዓመት ትምህርት መረጥን። ለምን? አጭር ነው፤ ስሙ ያምራል፤ ደላላውም ቶሎ ይቀበላሉ አለን። ምን ምን ትምህርት እንደሚሰጥ ዝርዝሩን እንኳ አላነበብንም። ጸልየናል፤ ጾመናልም። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ጸሎታችን ምሪት የሚጠይቅ አልነበረም። እኛ ወስነን ጨርሰን ጌታ ማኅተሙን እንዲያሳርፍበት ነበር የምንለምነው።

ከዚያ ቁጥሮቹ መጡ። ሒሳቡን መጀመሪያ ስንጽፍ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዚያ ቀን ዋዜማ 570,000 ብር የነበረው 10,000 ዶላር ከሚሊዮን ብር በላይ ሆነ። ቁጠባችን አልጎደለም፤ ግን በአንድ ክረምት ግማሹን ያህል ዋጋ አጣ።

ቀጥሎ የመጣው ትዳራችንን የሚነካ ነበር። ከፈረንጆቹ 2024 መባቻ ጀምሮ በራሱ ከፍሎ በብሪታንያ እንዲህ ያለ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው ባለቤቱን ይዞ መግባት አይችልም። ይህን ያወቅነው ለቦታ መያዣ ከከፈልን በኋላ ነው። «አንድ ዓመት ምን አላት?» ተባባልን፤ ግን ያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም።

ሦስተኛው ፈተና ግን ከሁለቱ ይከፋ ነበር። ለቪዛው የትምህርት ክፍያና የኑሮ ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ በሒሳባችን ውስጥ ለ28 ተከታታይ ቀናት መቀመጥ ነበረበት። አልነበረንም። ደላላው ሳቀብን፤ «ከዘመድ ሰብስቡ፣ ቀኑ ሲሞላ ወረቀቱን አውጡ፣ ከዚያ መልሱላቸው። ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለን። እኛም አደረግነው። ባንክ የምንሠራ ሰዎች፣ የሒሳብ መግለጫ ምን እንደሚመሰክር የምናውቅ ሰዎች! አንድ ተበዳሪ ይህን አድርጎ ቢመጣ ፋይሉን እንመልስበት ነበር።

ከሰጡን አንዱ አጎታችን ናቸው። የከብት ነጋዴ ናቸው፤ የሚኖሩት ወደ ዓባይ በረሃ መውረጃው በኩል ነው። ሙስሊም ናቸው፤ በወሎ እንዲህ ያለ ቤተሰብ እንግዳ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ገንዘቡ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን ልናመሰግናቸው ሄድን። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ጠየቁን።

«ልጆቼ፣ ወረቀቱ ላይ ብሩ የማን ነው ብላችሁ ነው የምትጽፉት?»

«የእኛ» አልን።

«የእናንተ ነው እንዴ?»

ዝም አልን። እሳቸው ቀስ ብለው፣ «አብሽሩ፣ ለብሩ ሰስቼ አይደለም። አማና ብዬ ሰጥቻችኋለሁ፤ ለኔ እንደማትክዱኝ አውቃለሁ። ግን እኔን ሳትክዱ ሌላውን ከዋሻችሁ፣ ምኑን አማና ሆነ?» አሉን።

የተመለስነው ሳንነጋገር ነው። ማታ መጽሐፍ ቅዱሳችንን ስንከፍት ምሳሌ 11 ላይ ስለ ሐሰተኛ ሚዛን የተጻፈው ፊታችን ተደቀነ። እግዚአብሔር የሚጸየፈው የነጋዴውን የተጭበረበረ ሚዛን ብቻ መስሎን ኖረናል። የኛ የሒሳብ መግለጫም ሚዛን ነበር። ሰኞ ለሁሉም ገንዘባቸውን መለስን። ለደላላውና ለቦታ መያዣ የከፈልነው ቀረ። ከዚያ በላይ የከበደን ግን በቤት ኅብረታችን ለመንገዳችን እጃቸውን ጭነው የጸለዩልንን ቅዱሳን ፊት ቆሞ እውነቱን መናገር ነበር። ተናገርን። አለቀስን። እነሱም አለቀሱ።

አሁን ለሚጠይቁን ወጣቶች የምንላቸው ይህ ነው።

በመጀመሪያ ተቀምጣችሁ አስሉ። ግንብ ለመሥራት የተነሣው ሰው ወጪውን እንዲቆጥር ያስተማረው ጌታ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ሒሳብ መሥራት እምነት ማጣት አይደለም። «ነጻ» የሚባለውንም መርምሩ። በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ለተማሪ ቪዛ ግን ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥ ይጠየቅ እንደነበር እኛ ስናጣራ አይተናል። በባደን ቩርተምበርግ ግዛት ደግሞ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በየሴሚስተሩ 1,500 ዩሮ ይከፍላል።

ሁለተኛ፣ ከስሙ በፊት የኮርሱን ዝርዝር አንብቡ። የፋይናንስ ማስተርስ ከንግድ አስተዳደሩ ማስተርስ ይለያል፤ ኢኮኖሜትሪክስና የስጋት ልኬት ይበዛበታል። የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ በሒሳብና በስታቲስቲክስ ስስ ከሆነ ቀድማችሁ እወቁት። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ለዚህ ሲል ጂማት ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ ባለትዳር ከሆናችሁ የቪዛውን ሕግ ሁለታችሁም አንብቡ፤ ከመክፈላችሁ በፊት።

አራተኛ፣ በወረቀታችሁ ላይ የምትፈርሙት ሁሉ በጌታ ፊት የምትደግሙት ይሁን። ነገ የሰው ገንዘብ ለመጠበቅ የምትማሩትን ሙያ በሐሰት መግለጫ አትጀምሩት።

እኛስ? በብሪታንያ መንግሥት የቼቭኒንግ ስኮላርሺፕ አመለከትን። ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሦስት የትምህርት ምርጫ ያስሞላል፤ የተማረውም ለሁለት ዓመት ወደ አገሩ እንዲመለስ ያስገድዳል። ይህ የመጨረሻው ግዴታ አልከበደንም፤ መጀመሪያውኑ የወጣንበት ምክንያት እሱ ነበርና። አልተመረጥንም። እንደገና እናመለክታለን። ጎን ለጎንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግና ፋይናንስ ማስተርስ እያሰብን ነው። ዛሬ ጠዋትም እዚያው መስኮት ላይ ብር ስንቆጥር ነበር።

ያዕቆብ ወደ እንዲህ ያለች ከተማ እንሄዳለን፣ እናተርፋለን የሚሉትን ሲገሥጽ እቅድ አታውጡ አላለም። «ጌታ ቢፈቅድ» የምንለው የእቅዳችን ማሳመሪያ ከሆነ ግን ከንቱ ነው። እሱ ባይፈቅድስ? ወይም ገና ቢልስ? ያንንም መቀበል አለብን። የከተማችን ስም የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ገንዘቡን በመለስንበት ሰኞ ማታ፣ ከብዙ ወራት በኋላ ሁለታችንም እንቅልፍ ወሰደን።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ ፈቃድህን ስንጠይቅ ፈቃዳችንን ይዘን ስለመጣን ይቅር በለን። በሰው አፍ ስትገሥጸን የምንሰማበት ጆሮ ስጠን። ሚዛናችንን አቅና። የምትከፍተውን በር በእውነት እንግባበት፤ የምትዘጋውንም ሳናጉረመርም እንቀበል። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።