ጠቅላላ ሐኪም የት ይሠለጥናል?

በአገራችን «ጠቅላላ ሐኪም» የሚለው ስም ሙያን ከማመልከት ይልቅ የቆይታ ጊዜን የሚያመለክት ይመስላል። የሕክምና ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ገና ያልገባ ሐኪም ማለት ነው። ዘመድ ወዳጅ እንዲህ ያለውን ሐኪም የሚጠይቀው «በምን ልትቀጥል አሰብህ?» ብሎ እንጂ «ሥራው እንዴት ነው?» ብሎ አይደለም። እኔም በአንድ የገጠር ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ በተመላላሽ ሕክምና ክፍል በሠራሁባቸው ሁለት ዓመታት ይህ ጥያቄ ተለይቶኝ አያውቅም። ዛሬ የቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንት ሆኜ ሳስበው፣ ከጥያቄው በስተጀርባ አንድ ያልተመረመረ እምነት አለ፤ ይኸውም ጠቅላላ ሕክምና ማንኛውም ተመራቂ ያለ ተጨማሪ ሥልጠና የሚሠራው ሥራ ነው የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን እምነት መመርመር ነው።

ተማሪው የክሊኒክ ዓመታቱንም ሆነ የኢንተርንነት ጊዜውን በአብዛኛው የሚያሳልፈው በማስተማሪያ ሆስፒታል፣ በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናትና በማኅፀንና ፅንስ ክፍሎች ነው። በዚያ የሚያገኘው ታካሚ በብዙ ወንፊት አልፎ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ኬር ዋይትና ባልደረቦቹ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ በተገኙ መረጃዎች ተመሥርተው ባወጡት ጽሑፍ፣ ከ1,000 ጎልማሶች መካከል በአንድ ወር ውስጥ 750ው ሕመም ወይም ጉዳት እንደሚሰማቸው፣ 250ው ሐኪም እንደሚያማክሩ፣ 9ኙ ሆስፒታል እንደሚተኙ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የሚላከው ግን 1 ሰው ብቻ እንደሆነ ገምተዋል። ቁጥሮቹ የዚያ ዘመንና የእነዚያ አገሮች ናቸው። የሚያስነሡት ጥያቄ ግን እኛንም ይመለከታል፤ ሐኪሙን በአንዱ ታካሚ ዙሪያ አሠልጥነን ለ250ው የምንልከው እስከ መቼ ነው?

ወደ ተመላላሽ ክፍል የሚመጣ ሰው የበሽታ ስም ይዞ አይመጣም። «ወገቤን ይቆርጠኛል»፣ «ብርድ መታኝ»፣ «ጨጓራዬን ያቃጥለኛል»፣ «እንዲሁ ይደክመኛል» ይላል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በራሳቸው ጊዜ የሚያልፉ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ግን እስከ ነገ የማይቆዩ ናቸው። የጠቅላላ ሐኪም ዋና ጥበብ ሁለቱን መለየት ነው። የሆስፒታሉን መንገድ ተከትሎ ለሁሉም ምርመራ ማዘዝ መፍትሔ አይሆንም፤ ይህም የላቦራቶሪ እጥረት ስላለ ብቻ አይደለም። በሽታው በብዛት በማይገኝበት ሕዝብ ውስጥ ጥሩ የተባለው ምርመራ እንኳ «አለ» ብሎ ከሚያመለክተው ውጤት ብዙው ሐሰት ሊሆን ይችላል። በሆስፒታል አልጋ ዙሪያ ትክክለኛ የነበረው አስተሳሰብ በተመላላሽ ክፍል የሚያሳስተው ስለዚህ ነው።

ሌላው ጉዳይ ጊዜ ነው። በሆስፒታሉ ሳለሁ የደም ግፊት ያለባቸው አንድ አረጋዊ ገበሬ በየሁለትና ሦስት ወሩ ይመጡ ነበር። የአንድ ወር መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ሲጨርሱ ያቆማሉ፤ ግፊታቸው ያሻቅባል። በካርዳቸው ላይ «መድኃኒት አይወስዱም» የሚል ማስታወሻ በተለያየ እጅ ጽሕፈት ተደጋግሞ ሰፍሯል። ስጠይቃቸው «መድኃኒቱንማ ጨርሼ ድኛለሁ፤ ምን ልሁን ብዬ እደግማለሁ?» አሉኝ። መልሳቸው ከቋንቋው ጋር የሚስማማ ነበር። «መድኃኒት» የሚለው ቃል ከ«ድኅነት» የወጣ ነው፤ ዕድሜ ልክ ተውጦ የማያድን መድኃኒት የስሙ ተቃራኒ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእርሳቸው መድኃኒቱ የሚያድን ሳይሆን የሚጠብቅ፣ እንደ እርሻ አጥር ካልታደሰ የሚፈርስ እንደሆነ ማስረዳት ጀመርሁ። ሁሉም ነገር ወዲያው አልተስተካከለም፤ ነገር ግን ቀጠሯቸውን መጠበቅ ጀመሩ። እንዲህ ያለውን ንግግር በየትኛውም የመኝታ ክፍል ጉብኝት ሲሰጥ አላየሁም፤ በዚያ እኒህን ሰው የምናገኛቸው ስትሮክ ከመታቸው በኋላ ነውና።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር ብሔራዊው የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1948 ሲጀመር፣ አንድ ሐኪም ልዩ ሥልጠና ሳይወስድ ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ መሥራት ይችል ነበር። በ1950 አውስትራሊያዊው ጆሴፍ ኮሊንግስ በላንሴት መጽሔት ያወጣው ጥናት የብዙ ክሊኒኮችን አሳፋሪ ሁኔታ ገለጠ። በ1952 የጠቅላላ ሐኪሞች ኮሌጅ ተመሠረተ። በ1957 ማይክል ባሊንት፣ ሐኪሞች በቡድን ተሰብስበው ስለ ታካሚዎቻቸው ካደረጉት ውይይት ተነሥቶ፣ ሐኪሙ ራሱ እንደ መድኃኒት እንደሚሠራና መጠኑም መጠናት እንዳለበት የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። በ1968 የቶድ ኮሚሽን ጠቅላላ ሕክምና የራሱ የድኅረ ምረቃ ሥልጠና እንዲኖረው አሳሰበ፤ የሦስት ዓመት ሥልጠና በሕግ ግዴታ የሆነው ግን በ1982 ነው። ሠልጣኙ የጊዜውን ከፊል በሆስፒታል፣ ከፊሉን በጠቅላላ ሐኪም ክሊኒክ በአንድ ለማሠልጠን በተመረጠ ሐኪም ሥር ያሳልፋል። ከኮሊንግስ ጥናት እስከ ሕጉ 32 ዓመታት አልፈዋል።

በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕክምና ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በቶሮንቶና በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎች አጋዥነት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ተጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች በ2016 ወጡ። ተማሪን ከሆስፒታል ግቢ አውጥቶ ማስተማርም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1954 የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን በዚህ መንገድ ሲያሠለጥን፣ ጅማም ኅብረተሰብ ተኮር በሆነው ትምህርቷ ትታወቃለች። የጎደለው ሐኪሙ ከተመረቀ በኋላ፣ በራሱ የተመላላሽ ክፍል ተቀምጦ ሳለ፣ አጠገቡ የሚቀመጥ አሠልጣኝ ነው።

«አገሪቱ በሐኪም እጥረት ተቸግራ ሳለች ተጨማሪ ሥልጠና ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተቃውሞው ሥልጠናን ከሥራ የሚነጥል ስለሆነ አያሳምነኝም፤ ሠልጣኙ በየዕለቱ ታካሚ ያያልና። ለሁሉም የሦስት ዓመት ሥልጠና ዛሬ ባይቻል እንኳ፣ የመጀመሪያው የሥራ ዓመት ሦስት ነገሮች ያሉት የሥልጠና ዓመት ሊሆን ይችላል። እነርሱም በየሳምንቱ የሚደረግ የታካሚ ጉዳይ ውይይት፣ በየወሩ የሚደረግ የካርድ ግምገማ፣ እንዲሁም ልምድ ያለው ሐኪም ተገኝቶ የሚያየው የተመላላሽ ቀን ናቸው። ቅድመ ሁኔታው ግን አንድ ነው። የአሠልጣኙ ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ ሊከፈልበት ይገባል፤ አለዚያ ዕቅዱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ለተመራማሪዎች የሚቀረው ሥራ ሰፊ ነው። ይህን ዓመት ያገኙና ያላገኙ ሐኪሞች የሚያክሟቸው የደም ግፊት ታካሚዎች ከዓመት በኋላ በሕክምናቸው ላይ መቆየታቸውን ማነጻጸር፣ ከእኛ መካከል አንዱ ለመመረቂያ ጽሑፉ ሊመርጠው የሚገባ ርእስ ነው።