የዝይ ማረሻ

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ወፍ ሲጻፍ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ጽሑፉ ይውጣ አይውጣ በሚለው ጥያቄ ላይ በጥናት ክበባችን ውስጥ አንድ ሙሉ ማታ የፈጀ ክርክር ተደርጓል። አንዳንዶቻችን «ወገን በሚያልቅበት ሰዓት ስለ ዝይ መጻፍ የንዑስ ከበርቴ ስሜታዊነት ነው» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ ስለ ዝይ ሳይሆን ስለ ራሳችን ነው የምንጽፈው፣ ደግሞም ግለ ሂስ ነውና መውጣት አለበት አልን። በአምስት ድምፅ ለሦስት፣ በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ይውጣ ተባለ። የተቃወሙትም ጓዶች ቢሆኑ ከደሙ ንጹሕ አይደሉም፤ ከዚህ በታች ካለው ውስጥ ግማሹን ያረሙት እነሱ ናቸው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ከኦስሎ መሐል በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በምድር ባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ሲኬድ፣ ኦስተንሾ የሚባል ሐይቅ አለ። ትንሽ ነው፤ ጣና ያየ ሰው ሐይቅ ብሎ ለመጥራት ያፍራል። ዙሪያውን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩ የመኖሪያ ሰፈሮች ከበውታል። እ.ኤ.አ. በ1992 የተፈጥሮ ጥብቅ ክልል ስለ ተደረገ ሸምበቆው አይታጨድም፣ ወፎቹም አይነኩም። ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር ከመጣን ዓመታት ቢያልፉም እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ መኖሩን እንኳ አናውቅም ነበር። ሰሜን ጫፍ ባለው በክሪንግሾ የተማሪዎች መንደር ተቀምጠን፣ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ስብሰባ እንመላለስ ነበር እንጂ ከተማይቱን አላየናትም።

ከመካከላችን ሐይቁን የምታውቀው አንዲት ጓዳችን ብቻ ነበረች፤ ለምን እንዳወቀችው መናገሩ ነው የሚከብደን።

ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ወደ መቀሌ የሚደወል ስልክ ሁሉ ተቋረጠ። እናቷና ሁለት ታናናሾቿ እዚያ ነበሩ። ያን ሰሞን ስብሰባችን ምን ሲያደርግ እንደ ነበር የቃለ ጉባኤው መዝገብ ይመሰክራል፦ መግለጫው ላይ «ጦርነት» እንበል ወይስ «ሕግ ማስከበር» እያልን ሦስት ሳምንት ተከራከርን። በሦስቱም ሳምንት ከማዕዘን ተቀምጣ ሰማችን። አንድም ሰው «እናትሽ እንዴት ናቸው? ድምፃቸውን ሰማሽ?» ብሎ አልጠየቀም። ጥያቄው ራሱ አቋም መያዝ ይመስል ነበርና ፈራን። እውነቱን ለመናገር ግን ሁላችንም የፈራን አይደለንም፤ ከመካከላችን ልባቸው የደነደነም ነበሩ። በአራተኛው ሳምንት ቀረች። «ጓዲት በግል ምክንያት» ተብሎ ተመዘገበ።

ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። ክረምት ስንል የዚህን አገር ክረምት ማለታችን ነው። ይኸውም በታኅሣሥ ፀሐይዋ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ግድም ወጥታ ገና ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሳይሞላ የምትጠልቅበት፣ ቀን ተብሎ የሚጠራው ስድስት ሰዓት የማይሞላበት ወቅት ነው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚካፈሉበት አገር ላደገ ሰው ይህ ጨለማ የአየር ጠባይ ብቻ አይደለም፤ አጥንት ውስጥ ይገባል። እሷ ያንን ጨለማ ኦስተንሾን በመዞር አሳለፈችው። ስልኩ ሰኔም አልገባ፣ ጥርም አልገባ። በመጋቢት ግን ዝይዎቹ መጡ። በነሐሴ ሄዱ። በመጋቢት ደግሞ መጡ። በኋላ ስንጠይቃት «ተስፋ ሰጡኝ አልልም፤ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ የሚመጣ ነገር እንዳለ ግን አየሁ» ነበር ያለችን።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፤ የእናቷንም ድምፅ ከወራት በኋላ ሰማች። ከሁለቱ ታናናሾቿ የአንደኛውን ግን እስካሁን አልሰማችም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔቱ ተዘጋ፤ ስልኩም ወደ ገጠሩ አንዳንድ ቀን ይገባ፣ አንዳንድ ቀን አይገባ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ የመጣ፣ ወላጆቹ ገበሬዎች የሆኑ ልጅ ነው። በ2013 ስብሰባ ላይ «ሕግ ማስከበር» ይባል ብሎ አጥብቆ የተከራከረውም እሱ ነበር። ይህን የጻፍነው ራሱ ይጻፍ ስላለ ነው።

ለዚህ ልጅ መጀመሪያ የደወለችለት እሷ ናት። «ወንድሜ፣ ቤት ደወልክ?» አለችው። «አልገባልኝም» አላት። «ነገም ላይገባ ይችላል። ቅዳሜ ከእኔ ጋር ና።» ሌላ ቃል አልተነጋገሩም። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር አገኛት፤ ጊዜው ነሐሴ ነበርና ዝይዎቹ ለመሄድ እየተሰበሰቡ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ በአንድ ሁላችንም መሄድ ጀመርን። ለወፍ ፍቅር ኖሮን ሳይሆን ስላፈርን ነው።

እንግዲህ እዚያ ቆመን ያየነውን፣ ቤተ መጻሕፍት ገብተንም ያነበብነውን እንናገር።

የዚህ አገር ግራጫ ዝይ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ አንዳንዱ ኔዘርላንድስ ይከርማል፣ አንዳንዱ እስከ ደቡብ ስፔን ረግረግ ይዘልቃል። ሲበር በሁለት ክንድ ተከፍሎ፣ ከፊት ሹል ሆኖ ነው። ከፊት ያለው ነፋሱን ይሰብራል፣ ከኋላ ያሉት ከፊተኛው ክንፍ ጫፍ በሚነሣው አየር ላይ ተደግፈው ጉልበት ይቆጥባሉ፤ የፊተኛው ሲደክመው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሌላው ይተካል። የኖርዌይ ሰዎች ይህን ሰልፍ «የዝይ ማረሻ» ይሉታል። ቃሉን ስንሰማ ደብረ ማርቆሴው ጓዳችን ሳቀ፤ በነሐሴ ከሳቀ መጀመሪያው ነው። የካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ሲወጣ ገና አያቱ ሰው መሬት ላይ ያርሱ ነበር። «እዚህ አገር ሰማዩን ነው የሚያርሱት» አለ።

እንደኛ ቁሳዊ ፍልስፍናን ሲያጠና ያደገ ሰው፣ እምነት የሚለውን ቃል ሲሰማ ቅንድቡን ያነሣል። የዝይዋ እምነት ግን ቁሳዊ መሠረት አለው። ለጉዞ የሚያነሣሣት አንዱ ነገር የቀኑ ርዝመት መለዋወጥ ነው፤ ብርሃኑ በደቂቃ በደቂቃ ሲጨምር በሰውነቷ ውስጥ ታውቀዋለች። በረዶው ገና አልቀለጠም፣ ሣሩ አልበቀለም፣ ዐይን የሚያየው ምልክት ሁሉ አይሆንም እያለ እሷ ትነሣለች። በበኩላችን ይህን እምነት ማለት አላሳፈረንም። ሁዳዴን የሚጾሙና ረመዳንን የሚይዙ ጓዶች በመካከላችን ስላሉ፣ ቃሉን ከእነሱ እንደተዋስነው ይቆጠርልን።

መንገዱን ግን ከእንቁላል ይዛው አትወጣም፤ ከጥልቅ ክርክር ያደረሰን ይህ ነው። ጫጩቷ ያደገችበትን ዓመት መኸር ከእናትና ከአባቷ ጋር ትበራለች፤ የት እንደሚታረፍ፣ የት እንደሚበላ ከእነሱ ትማራለች። መሪ ሲጠፋ መንገድም አብሮ ይጠፋል። የዚህን ምሳሌ ከእኛው አገር ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በሶርያ በረሃ፣ ፓልሚራ አጠገብ፣ ጠፍቷል የተባለ ራሰ በራ ጋጋኖ መሰል ወፍ ጥቂት ቀርቶ ተገኘ። በ2006 በሳተላይት ሲከታተሉት ክረምቱን የሚያሳልፈው የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ሆኖ ተገኘ። ከዓመት ዓመት እየተመናመነ ሄዶ፣ የሶርያም ጦርነት ተጨምሮበት፣ የመጨረሻዎቹ አልተመለሱም። ፓልሚራን ከሸዋ ደጋ የሚያገናኘውን መንገድ የሚያውቅ ወፍ ዛሬ የለም። የዚሁ ወፍ ዘመዶች በግዞት ተወልደው ባደጉባት አውሮፓ፣ ሰዎች በትንሽ አውሮፕላን ከፊታቸው እየበረሩ ከአልፕስ ተራራ ማዶ እስከ ኢጣልያ መንገድ ያስተምሯቸው ነበር። ልጆች የወለዱ ጓዶች ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን አማርኛውን፣ ትግርኛውን፣ ኦሮምኛውን ከማን ይማሩት?

ስለ መመለስ ከተነሣ ዘንድ፣ ቀድመው ስለ ተመለሱት ሳንናገር አናልፍም። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የነበረው የተማሪ ማኅበር ትውልድ ሻንጣውን አነሣ። ኃይሌ ፊዳ ከፈረንሳይ በ1967 ገባ፤ በነሐሴ 1969 ተያዘ፤ በ1971 ተገደለ። በዚያም ወገን በዚህም ወገን ተሰልፈው ያለቁትን ቆጥረን አንጨርስም፣ እርስ በርሳቸውም ተገዳድለዋል። በረዶው ሳይቀልጥ ገቡ ማለት ይቻላል። ግን እዚህ ላይ ተለያየን። ግማሾቻችን ስሕተታቸው ቸኮላቸው ነው አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ ዝይ ሁሉ የሚገባው በረዶ ሳይቀልጥ ነው፣ ስሕተታቸው ፊት ሆኖ የደከመውን ወደ ኋላ አለማስቀረታቸው፣ መሪነትን መለዋወጥ አለማወቃቸው ነው አልን። ክርክሩ አልተዘጋም።

የማይሄዱ ዝይዎችም አሉ። የካናዳ ዝይ የሚባለውን ሰዎች ናቸው ከሰሜን አሜሪካ አምጥተው የለቀቁት፤ ዛሬ በኖርዌይ «ባዕድ ዝርያ» ተብሎ በመዝገብ ሠፍሯል። (የስደተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወረፋ የጠበቀ ሁሉ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው ይገባናል።) ከእነዚህ ውስጥ ውሃው በማይረጋበት ጠረፍ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጡ አሉ። ዳቦ የሚጥልላቸው ሰው አለ፣ ለምን ይሂዱ? ይህን ለማንም ነቀፋ አድርገን አላነሣነውም። ከእኛ ውስጥ ሥራ ይዘው፣ ቤት ገዝተው፣ አገር የሚለውን ቃል በመስቀል በዓል ቀን ብቻ የሚያነሡ አሉ፤ ደግሞ በጥር 2004 ኖርዌይና ኢትዮጵያ በተፈራረሙት ስምምነት ተይዞ መመለስን ሲፈሩ የኖሩም አሉ። እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ «ቀሪ» ብሎ መፈረጅ ግፍ ነው።

መስቀልን ካነሣን፣ የመስቀል ወፍን ነገር ለእኛ ያስረዳችን ያቺው ጓዳችን ናት። በአገራችን በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ሰው «እንደ መስቀል ወፍ ሆንክ» ይባላል። ልጆች ሆነን ያቺ ወፍ ከሩቅ አገር ለአደይ አበባ ስትል የምትመጣ ይመስለን ነበር። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የመስቀል ወፍ የምንላቸው ወፎች የትም አይሄዱም። ወንዱ በክረምቱ ዝናብ ጌጠኛ ላባውን ይለብሳል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ያወልቀውና ከሴቷና ከጫጩቱ ጋር አንድ ዓይነት ቡናማ ሆኖ ከሣሩ ውስጥ ይኖራል። ዓመቱን ሙሉ ከደጃችን ነበረ፤ እኛ አላወቅነውም። ከውጭ ሆነን «ሕዝቡ ተኛ፣ ትግሉ ሞተ» እያልን መግለጫ የምናወጣ ጓዶች ይህን ወፍ ብናስብ መልካም ነው።

በ2016 ዓ.ም. መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ ስምንት ሆነን ኦስተንሾ ዳር ቆምን። ሐይቁ ገና በረዶ ነው፤ ጅረት ከሚገባበት በኩል ብቻ አንድ የመኝታ ክፍል የምታህል ውሃ ተከፍታለች። እሷ ቆሎ ይዛ መጥታ ነበር። ጎጃሜው ስልኩን በጓንት እጁ እንደ ያዘ ነው፤ ከሌሊት ጀምሮ ስድስት ጊዜ ሞክሯል።

መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው። ከዚያ በደቡብ በኩል፣ ከፎቆቹ በላይ፣ ማረሻው ታየ። አንዴ ዞሩ፤ ወረዱ። በረዶው ላይ እግራቸውን ሲያሳርፉ እንደ ሕፃን እየተንሸራተቱ በደረታቸው ሄዱ፤ ተነሡና ምንም እንዳልሆነ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። አንዷ እግሯ ላይ ቀለበት ነበራት። በዚህ አገር የወፍ ቀለበት ላይ የስታቫንገር ሙዚየም ስም ተቀርጾ፣ ወፏ የትም ብትወድቅ ለማን እንደሚነገር ይታወቃል። ከመካከላችን አንዱ «እኛስ ብንወድቅ?» አለ። ማንም አልመለሰለትም።

«አሥራ አራት ናቸው» አለ ጎጃሜው።

«አሥራ አምስት» አለችው። «አንዷ ከሸምበቆው ኋላ ናት። በደንብ ቁጠር፣ ወንድሜ።»

እሱም ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ በጣቱ እየጠቆመ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና መቁጠር ያዘ። እኛም ቆሎውን እየተቀባበልን አብረነው ቆጠርን።