ዶሮ ማነቂያ ዛሬ ዝግ ነው

አማርኛ ለዚህ ነገር የሰጠው ቃል ደስ አይለኝም። «ጃጅተዋል» እንላለን። አንቱታውን ሳናስቀር፣ በአክብሮት ጃጁ! «የመርሳት በሽታ» የሚለው ደግሞ ገና ከሐኪም ቤት በደንብ አልወጣም፤ ሰፈር ውስጥ ብትናገሩት ሰው ቁልፍ ጥሎ መውጣት ይመስለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በፈረንጆቹ 2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ዲሜንሺያ ነበረባቸው፤ ከመቶ 60 የሚበልጡት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ማለትም እኛ ዘንድ። አንዷማ እኛው ቤት ናት።

እቴቴ እንላታለን፤ አያቴ ናት። የቤታችን ትልቁ ጭቅጭቅ ከቤት ትውጣ አትውጣ የሚለው ነው። አጎቴ «ሰው ፊት አታዋርጂያት» ይለኛል። ክርክሩ ባዶ አይደለም። አምና ጥቅምት ላይ ብቻዋን ወጥታ ጠፍታብን ነበር፤ ሲመሻሽ ያገኘቻት አንዲት ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ ናት። ምሰሶ ላይ የሚለጠፈውን «አፋልጉን» ታውቁት የለ? ከዚያ ቀን ወዲህ አንዱንም ሳላነብ አላልፍም። ስንቱ ላይ የአዛውንት ፎቶ እንዳለ ልብ ብላችሁ አይታችኋል?

ስለዚህ በሩ ይቆለፋል። እቴቴ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ሥር ትቆምና «ቤቴ ልሂድ» ትላለች፤ እቤቷ ሆና። ቤቴ የምትለው ተወልዳ ያደገችበትን ዶሮ ማነቂያን ነው። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የቅርቡን ትዝታ አስቀድሞ ይወስዳል፣ የሩቁን ቆየት ብሎ። ስምንት ዓመት የኖረችበትን የሰሚት ኮንዶሚኒየም አታውቀውም። የዶሮ ማነቂያ ጎረቤቶቿን ግን ከነልጆቻቸው ትቆጥርላችኋለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይዣት እወጣለሁ። ጠዋት መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግራ መጋባቷና ንዴቷ ይብሳል። ነጠላዋ ጫፍ ላይ በውስጥ በኩል ስልክ ቁጥራችን ተሰፍቷል።

ከመገናኛ ፒያሳ እስክንደርስ በየፌርማታው «ወራጅ አለ!» ትላለች። ሾፌሩ ይቆማል፣ ማንም አይወርድም። ሒሳብ ሲባል ከመቀነቷ ፈትታ አሮጌውን አሥር ብር ታወጣለች፤ ስፌት የምትሰፋዋ ሴትዮ ያለችበትን፣ መስከረም 2013 ገንዘብ ሲቀየር የቀረውን። አንዱ ረዳት «እማማ፣ ይሄ እኮ ሞቷል» ብሎ ታክሲውን ሙሉ አሳቀባት። ሌላኛው ደግሞ በሁለት እጁ ተቀበላት፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አላት፣ ስንወርድ ብሩን አጥፎ በጎን ለእኔ አቀበለኝ። ምን አለፋችሁ፣ ያንን ልጅ አንድ ቀን ሚኒስትር ሆኖ ባየው አልጠላም።

ከተሳፋሪው ግማሹ መድኃኒት ያዝልኛል፣ ግማሹ ጸበል ይጠቁመኛል። ይሄ አያናድደኝም፤ አዝነው ነው። የሚያናድደኝ እሷ ጎኔ ተቀምጣ «ትሰማለች? ሰው ትለያለች?» ብሎ እኔን የሚጠይቀው ነው። ጠይቋታ! ትመልስላችኋለች። መልሱ ከጥያቄው ጋር ላይገጥም ይችላል፤ እሱስ በቴሌቪዥን የምናየው ቃለ ምልልስ መቼ ገጥሞ ያውቃል?

ደግነቱ ሰላምታችን ያግዘናል። «እንዴት ነህ፣ ልጆች ደህና፣ እናትህ ደህና፣ ሥራ እንዴት ነው?» ሁለት ደቂቃ ሙሉ ይሄዳል፣ ስም አይጠይቅም። በቀደም ጊዮርጊስ በር ላይ አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ይዛ አገላብጣ ሳመችው፤ «ጠፋህ እኮ!» ብላ ወቀሰችው። ሰውዬው ደነገጠ። ፊቷን ትክ ብሎ አይቶ አይቶ «ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ ረሳሁዎት» አላት። እቴቴም «ግዴለም ልጄ፣ ያለ ነው» ብላ ይቅር አለችው።

ከባዱ ከጊዮርጊስ በኋላ ያለው ነው። ዶሮ ማነቂያ በ2016 በኮሪደር ልማቱ ፈርሷል። ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ አጼ ምኒልክም በፈረሳቸው ላይ ናቸው፤ ዞር ስትል ግን ቤቱ የለም። (ጤነኛውም ሰው ፒያሳ ቆሞ ዙሪያውን ሲቃኝ ቁርጥ እቴቴን ነው የሚመስለው።) አንድ ጊዜ አቅጣጫ የጠየቀችው ወጣት በቅንነት «ፈርሷል እኮ እማማ» አላት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የእናቷ ቤት ነዋ። እኛ ቤት ስንደርስ ረስታዋለች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደ አዲስ «በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

ጋዜጠኝነት ስማር «እውነቱን አጣሩ፣ እውነቱን ንገሩ» ሲባል ነው የኖረው። ግን እኛ እኮ ለመርዶ እንኳ ወግ ያለን ሰዎች ነን፤ ማልደን፣ ጎረቤት ሰብስበን፣ አንድ ጊዜ ነው የምንነግረው። በየሳምንቱ ለአንድ ሰው አንድ መርዶ የሚያረዳ ማን አለ? ስለዚህ «ዛሬ ዝግ ነው እቴቴ» እላታለሁ። «እናቴ ገበያ ሄዳ ይሆናላ» ትለኛለች። ይሆናል። ከዚያ መንገድ ዳር ከተተከሉት አዲስ አግዳሚ ወንበሮች አንዱ ላይ እንቀመጣለን። ስለ ኮሪደሩ ብዙ ልል እችል ነበር፤ መቀመጫውን ግን አመሰግናለሁ፣ ሽንት ቤቱንም። አሮጊት ይዞ የወጣ ያውቀዋል። እሷ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ሰላም ትላለች። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ እቤት አይቼው አላውቅም። አጎቴ የሚፈራው ውርደት ያለው በሚስቀው ሰው ዘንድ ነው፤ እሷ ዘንድማ የለም።

እሱ ግን አልተቀበለኝም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በሩ ላይ ጠንከር ያለ አዲስ ቁልፍ አስገጠመ፤ አንዱን ለራሱ፣ ሌላውን ለእናቴ ሰጠ። እናቴ በዚህ ጉዳይ እስካሁን አንድ ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ፣ ከእቴቴ ነጠላ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት።