በቤት የተሠራችው ሞተር ብስክሌት በ1 ሊትር ናፍጣ ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች?

በአንድ ቤተ ሰብ መካከል እጁ ብልህ የሆነ ልጅ ሲነሣ ዘመዱ ሁሉ ደስ ይለዋል፤ ደስታውም የተገባ ነው። ዳሩ ግን ደስታው የሚናገረውን ሁሉ ሳይመረምሩ ወደ ማመን ሲያደርስ፥ ልጁን የሚጎዳው ያው የዘመዶቹ ውዳሴ ነው። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ነገሩ በራሴ ቤት ስለ ደረሰና አስቀድሜ የተሳሳትሁት እኔው ስለ ሆንሁ ነው።

የእኅቴ ልጅ በወረታ ከተማ የውሃ መሳቢያ ሞተር እየጠገነ ይተዳደራል። የፎገራ ሜዳ ሩዝና ሽንኩርት የሚመረትበት አገር ስለ ሆነ በበጋ ወራት ሥራ አጥቶ አያውቅም። ባለፈው ዓመት ባለቤቱ የጣለውን አንድ የናፍጣ ሞተር በጥቂት ገንዘብ ገዝቶ አደሰው። ሞተሩ በአየር የሚበርድ፥ አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው፥ መጠኑ ወደ 400 ኩቢክ ሳንቲ ሜትር፥ ጕልበቱም የ10 ፈረስ ነው። ይህንንም የቤንዚን ሞተሩ በተቃጠለ በአንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ላይ ገጠመው፤ መለወጡንም ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አሳይቶ ፈቃድ ተቀበለ። ድምፁ የወፍጮ ቤት ይመስላል፤ ሆኖም ትሄዳለች።

አንድ ቀን ማታ ልጁ እየሮጠ መጣና «ጋሼ፥ በ1 ሊትር ናፍጣ 100 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች!» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ በማግሥቱ በመሥሪያ ቤት ለወዳጆቼ ሁሉ አወራሁ። ወሬውን የሰማ አንድ መምህር ሞተር ብስክሌቷን ልግዛ አለ። ባለቤቴም የዕቍብ ዕጣዋ ደርሷት ስለ ነበረ፥ ልጁ ሁለተኛ ሞተር ገዝቶ ሌላ እንዲሠራ ገንዘቡን ልታበድረው ቈረጠች። መምህሩ ግን ጠንቃቃ ሰው ነውና «በ1 ሊትር 100 ኪሎ ሜትር የሚለው ቃል በውሉ ላይ ይግባልኝ» ብሎ ጠየቀ። ውሉን የምጽፈውም እኔ ነበርሁ።

ብዕሬን አንሥቼ ከዚያ ቃል ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። በፍርድ ቤት ጸሐፊነት በኖርሁበት ዘመን «እንዲህ ነው ተብሎ ተነግሮኝ ነበር» በሚል ቃል የሚጀምር ክስ ስንት ጊዜ እንደ ገለበጥሁ አስታወስሁ። ስለዚህ ልጁን ጠራሁና እንደ ምስክር ጠየቅሁት። «በየትኛው መንገድ ሄድህ? ናፍጣውንስ በምን ለካህ?» አልሁት። እርሱም «ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ስመለስ ነው፤ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ናፍጣውም በውሃ ጠርሙስ ሲለካ ግማሽ ሊትር አልሞላም» አለኝ።

እንግዲህ ያን አገር የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን አሁኑኑ አግኝቶታል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ ወረታ ግን 1,800 ሜትር ያህል ነው። ሞተር ብስክሌቷን ያመጣት ናፍጣው ብቻ አይደለም፤ ቍልቍለቱም ረድቷታል።

ልጁ ግን እንዲሁ በቃል አላመነኝም፤ ባያምነኝም ደስ አለኝ። በዚያች ሌሊት ወረቀት ዘርግተን ሒሳቡን አብረን ሠራን። ሞተር ብስክሌቷና ነጂው አንድነት 220 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። በሜዳ መንገድ ላይ ወደ ኋላ የሚይዟቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው የጎማው መንከባለል፥ ሁለተኛው ነፋሱ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ እነዚህን ሁለቱን ለማሸነፍ በኋላው ጎማ ላይ 2.4 ኪሎ ዋት ያህል ያስፈልጋል፤ በማርሹና በሰንሰለቱ የሚጠፋው ሲታከልበት ሞተሩ 2.8 ኪሎ ዋት መስጠት አለበት። እንዲህ ያለ ትንሽ የናፍጣ ሞተር 1 ኪሎ ዋት በ1 ሰዓት ለመስጠት ከ280 እስከ 300 ግራም ናፍጣ ይበላል። ስለዚህ በአንድ ሰዓት 810 ግራም ያህል ያቃጥላል ማለት ነው። 1 ሊትር ናፍጣ 840 ግራም ያህል ይመዝናልና፥ ሒሳቡ በ1 ሊትር ወደ 62 ኪሎ ሜትር መጣልን።

ቀጥለን ቍልቍለቱን አሰብን። 220 ኪሎ ግራም ከ900 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚሰጠውን ጕልበት ያው ሞተር ይስጥ ቢባል፥ ከ1 ሊትር ናፍጣ አምስተኛውን እጅ ይፈጅ ነበር። 40 ኪሎ ሜትር በሜዳ 0.65 ሊትር ይጠይቃል፤ ከዚያ 0.2 ሲቀነስ 0.45 ይቀራል፤ ይህም በ1 ሊትር ወደ 90 ኪሎ ሜትር የሚያደርስ ነው። ልጁ አልዋሸም ማለት ነው። ነገር ግን ያየውን የተናገረው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ሽቅብ ሲወጣ ያው 0.2 ስለሚጨመርበት በ1 ሊትር የሚሄደው 47 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናል።

ሒሳብ ግን የሚያመለክት እንጂ የሚመሰክር አይደለም፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈተና አደረግን። ከወረታ እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ ሁለቱም ጫፍ በከፍታ ሊተካከል ጥቂት የቀረው ስለ ሆነ እርሱን መረጥን። ሞተር ብስክሌቷን በደልዳላ ስፍራ አቁመን ጋኗን እስከ አፏ ሞላን፤ ልጁ ሳይፈጥን ሄዶ ተመለሰ፤ ከዚያም በዚያው ስፍራ እንደ ገና እስከ አፏ ስንሞላ የገባውን በመስፈሪያ ለካን። 1.9 ሊትር ሆነ። የኪሎ ሜትር ቈጣሪውም 118 አለ። በዚህ ብናካፍል 62 ይወጣ ነበርና ልጁ ሒሳባችን ደረሰ ብሎ ዘለለ።

እኔ ግን የፊተኛው ጎማ ከቀድሞው ያነሰ መሆኑን አይቼ ነበር። ቈጣሪው የሚቈጥረው የፊቱን ጎማ ዙር ነው፤ ጎማው ባነሰ መጠን ዙሩ ይበዛል፥ ቈጣሪውም ያልተሄደውን ይጨምራል። በጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገን 10 ዙር አንከባለልነውና ርዝመቱን በሜትር ለካን፤ ከ100 እጅ 7 ያህል አብዝቶ ይቈጥር ነበር። እውነተኛው መንገድ 110 ኪሎ ሜትር ነው። በ1.9 ሲካፈል 58 ኪሎ ሜትር ሆነ።

58 መጥፎ ቍጥር አይደለም። በሕንድ አገር በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) ሮያል ኤንፊልድ የሠራት ቶረስ የምትባል የናፍጣ ሞተር ብስክሌት ነበረች፤ ሞተሯ 325 ኩቢክ ሳንቲ ሜትር፥ ጕልበቷ 6.5 ፈረስ፥ ፍጥነቷም በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። ናፍጣ የምትቈጥበው አንድም በዝግታዋ ነው። የእኛይቱም በሰዓት 80 ብትነዳ ነፋሱ እጅግ ስለሚበረታ በ1 ሊትር የምትሄደው 40 ያህል ብቻ እንደሚሆን ሒሳቡ ያሳያል።

ነገር ግን መምህሩ የሚነዳት የቤንዚን ሞተር ብስክሌት በ1 ሊትር 50 ትሄድለታለች። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በዓመት 240 ሊትር ይፈጃል። ቃላችን እውነት ቢሆን ኖሮ 120 ሊትር ይቀርለት ነበር፤ በ58 ግን የሚቀርለት 33 ሊትር ብቻ ነው። ስለ 33 ሊትር ብሎ ያን ሁሉ ድምፅና ያን ሁሉ ክብደት የሚሸከም ሰው ጥቂት ነው።

ይህን ለመምህሩ ማን ይንገረው? እኔ ልነግረው ተነሥቼ ነበር፤ ልጁ ግን «ቃሉ የኔ ነው፥ ጋሼ» ብሎ ወረቀቱን ይዞ ራሱ ሄደ። መምህሩ አመስግኖ ሳይገዛ ቀረ። ልጁም ሦስት ቀን ያህል ከሰው ጋር ሳይነጋገር ሰነበተ። እኔም በመሥሪያ ቤት ያወራሁትን በየወንበሩ እየዞርሁ ማረም ግድ ሆነብኝ፤ አንዳንዱም ሳቀብኝ።

ባለቤቴ ግን የዕቍቡን ገንዘብ ከሣጥኗ አውጥታ ሰጠችው፤ ሁለተኛ ሞተር እንዲገዛበት ሳይሆን የብየዳ መሣሪያ እንዲገዛበት ነው። ምክንያቱን ብጠይቃት «100 ሲል ደስ አለኝ፤ 58 ሲል ግን አመንሁት» አለችኝ።

ሞተር ብስክሌቷ ዛሬ የልጁ መሥሪያ ናት። የሚጠግናቸው መሳቢያዎች ሁሉ ናፍጣ ስለሚጠጡ ለእርሷና ለእነርሱ አንድ በርሜል ይበቃዋል፤ ለሌላው ያልጠቀመች ለእርሱ ተስማምታዋለች። በመቀመጫዋም ሥር ደብተር አለ፤ በሞላ ቍጥር ቀኑን፥ ሊትሩንና ኪሎ ሜትሩን ይጽፍበታል፤ ሽቅብ እንደ ሆነ ሽቅብ፥ ቍልቍል እንደ ሆነ ቍልቍል ብሎ።

ወላጆችና አሳዳጊዎች ሆይ፥ ልጃችሁ በእጁ የሠራውን ይዞላችሁ ሲመጣ አመስግኑት፤ ቀጥላችሁም በየትኛው መንገድ ሄዶ እንደ ለካው ጠይቁት። ጥያቄው እንደ ምስጋናው ሁሉ ከፍቅር የወጣ መሆኑን ልጁ ኋላ ያውቀዋል።