በጎተራ ውስጥ የሚማሩ ጎልማሶች

ዛሬ ወደ ሩቅ አገር እንጓዛለን። አገሩ ስኮትላንድ ይባላል። ከእንግሊዝ በስተሰሜን ይገኛል። የምንሄደው አንድ ትምህርት ቤት ለማየት ነው። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ልጆች አይደሉም። እንደ እናንተው ጎልማሶች ናቸው። ሽበት ያወጡም አሉባቸው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዟችን ግላስጎ ከሚባል ትልቅ ከተማ ይጀምራል። በባቡር ወደ ሰሜን ምዕራብ እንሄዳለን። መንገዱ ከአምስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከተማው ያልቅና ተራራው ይመጣል። ከተራራው ሥር ሐይቅ ይታያል። ጉም ይወርዳል፤ ዝናብ ያካፋል። በግ በየሜዳው ይግጣል።

በየባቡር ጣቢያው ሰሌዳ ላይ ሁለት ስም ተጽፏል። አንዱ በእንግሊዝኛ ነው። ሁለተኛው በጋሊክ ነው። ጋሊክ የስኮትላንድ ደጋና የደሴቶቹ ሰዎች የጥንት ቋንቋ ነው። የሚጻፍባቸው ፊደሎች 18 ብቻ ናቸው። እነዚህ ፊደሎች በልማድ የሚጠሩት በዛፍና በቁጥቋጦ ስም ነው።

ባቡሩ ማሌግ ከሚባል ወደብ ያደርሰናል። ከዚያ በመርከብ ባሕሩን እንሻገራለን። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስካይ ከሚባለው ደሴት እንደርሳለን። ከመርከብ ወርደን ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄድን ትምህርት ቤቱ ይታየናል። ስሙ ሳወል ሞር ኦስታይግ ይባላል። ትርጉሙ «የኦስታይግ ትልቁ ጎተራ» ማለት ነው። ስሙ ተረት አይደለም። ቤቱ ቀድሞ የባለርስት እርሻ ጎተራ ነበር። በ1973 ዓ.ም. ግን የጋሊክ ትምህርት ቤት ሆነ። ዛሬ አድጎ ሌሎች ትልልቅ ሕንፃዎች ተሠርተውለታል። የመማሪያውም የመነጋገሪያውም ቋንቋ ጋሊክ ነው።

ታዲያ ሰው የአያቱን ቋንቋ ለምን ትምህርት ቤት ገብቶ ይማራል? ከቤቱ አይሰማውም እንዴ? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጥያቄያችሁ ትክክል ነው። መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መመለስ አለብን።

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት የዚህ አገር ባለርስቶች ብዙ ጭሰኞችን ከመሬታቸው አፈናቀሉ። ለምን ቢሉ፣ ጭሰኛው ከሚከፍለው ኪራይ ይልቅ የበግ እርባታ ትርፍ በለጠባቸው። ሰው ወጣ፤ በግ ገባ። ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ በመርከብ ተጭነው ወደ ካናዳና ወደ ሌላ አገር ሄዱ። ቋንቋቸውንም ይዘው ሄዱ።

በ1872 ዓ.ም. ደግሞ የትምህርት ሕግ ወጣ። ሕጉ ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገቡ አዘዘ። ስለ ጋሊክ ግን አንድም ቃል አልተናገረም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆነ። በአንዳንድ ትምህርት ቤት ጋሊክ ሲናገር የተገኘ ልጅ ይቀጣ ነበር። አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። ሌላ ልጅ ጋሊክ ሲናገር ከተገኘ እንጨቱ ወደዚያኛው ይተላለፋል።

ልጅ ይህን አይቶ አደገ። ሲያድግ ወላጅ ሆነ። ወላጅም ሲሆን «እንጀራ የሚገኘው በእንግሊዝኛ ነው» አለ። ለልጁ ጋሊክ ሳያወርስ ቀረ። ባልና ሚስት ለብቻቸው በጋሊክ ያወራሉ። ልጁ ሲመጣ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ። በ1891 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ጋሊክ ተናጋሪው ከ250 ሺህ በላይ ነበር። በ2022 ዓ.ም. ቆጠራ 70 ሺህ እንኳ አልሞላም።

አሁን ወደ ጎተራው እንመለስ። ተማሪዎቹ እነማን ናቸው?

አንደኛዎቹ የተናጋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። አያታቸው በጋሊክ ሲዘፍኑ ሰምተዋል፤ ቃሉ ግን አልገባቸውም። ከካናዳ ድረስ ባሕር ተሻግረው የሚመጡም አሉ። እነዚያ የተፈናቀሉት ሰዎች ዘሮች ናቸው። በደሴቶቹ ሽማግሌዎች ዘንድ አንድ የቆየ ጥያቄ አለ። «ኮ ሌሽ ኡ?» ይላሉ። «የማን ልጅ ነህ?» ማለታቸው ነው። እኛም አገር ይህ ጥያቄ አለ። የአያቱን አገር ሊያይ የመጣ ሰው ይህን ሲጠየቅ በዚያው ቋንቋ መመለስ ይፈልጋል። የአባቱንና የአያቱን ስም መቁጠር ይፈልጋል።

ሁለተኛዎቹ ወላጆች ናቸው። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በግላስጎና በኢንቨርነስ ከተማ ልጆችን በጋሊክ የሚያስተምሩ ክፍሎች ተከፈቱ። በኋላም በሌላ ቦታ ተስፋፉ። ልጁ ጋሊክ ተምሮ ወደ ቤት ይመጣል። እናቱ ግን ደብተሩን ማንበብ አትችልም። ስለዚህ እናትም ደብተር ገዝታ ትማራለች። ልጅ እናቱን የሚያርምበት ቤት ብዙ ነው።

ሦስተኛዎቹ ከሌላ ቦታ መጥተው በደሴቱ የሚኖሩ ናቸው። ጎረቤታቸውን በቋንቋው ሰላም ማለት ይፈልጋሉ። የተራራውንና የወንዙንም ስም ማወቅ ይፈልጋሉ። «ቤን» ተራራ ነው። «ጀረክ» ቀይ ነው። ስለዚህ ቤን ጀረክ ቀዩ ተራራ ነው። ቋንቋውን ለማያውቅ ስሙ ድምፅ ብቻ ነው። ለሚያውቅ ግን አገሩ ራሱ ይናገራል።

አራተኛዎቹ ሥራ ፈላጊዎች ናቸው። አስተማሪ፣ የራዲዮና የቴሌቪዥን ሠራተኛ ለመሆን ይማራሉ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የጋሊክ የቴሌቪዥን ጣቢያ አለ። ስለዚህ ቋንቋው ዛሬ ለአንዳንዱ እንጀራ ሆኗል።

አምስተኛዎቹን እናንተ በደንብ ታውቋቸዋላችሁ። ቋንቋውን ከልጅነታቸው ይናገራሉ፤ ማንበብና መጻፍ ግን አልተማሩም። ትምህርት ቤት ያስተማራቸው እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። እነዚህ ጎልማሶች አፋቸውን የፈቱበትን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ላይ ያያሉ።

የስካይ ደሴት ሰዎች እንዲህ ያለች አንዲት ሴት ያስታውሳሉ። ማሪ ማክፈርሰን ትባላለች። ሕዝቡ ማሪ ቮር፣ ማለትም ትልቋ ማሪ ይላታል። በ1821 ዓ.ም. ተወልዳ በ1898 ዓ.ም. ሞተች። ጭሰኞች ለመሬታቸው ሲታገሉ ግጥም ትገጥምላቸው ነበር። በ1886 ዓ.ም. ጭሰኛው ያለ አግባብ እንዳይባረር የሚከላከል ሕግ ወጣ። ማሪ ግጥሟን በቃሏ ትይዝ ነበር እንጂ መጻፍ አትችልም ነበር። እሷ በቃሏ ስትል ሌላ ሰው ጻፈላት። መጽሐፉ በ1891 ዓ.ም. ታተመ። ያ ሰው ባይጽፍ ኖሮ ከግጥሟ ስንቱ በጠፋ ነበር!

ጎልማሳ ሲማር ችግር አይጠፋም። ከሁሉ የሚከብደው እፍረት ነው። ተማሪው ወደ ሱቅ ሄዶ በጋሊክ ይጀምራል፤ መሀል ላይ ይንተባተባል። ባለሱቁ አዝኖለት በእንግሊዝኛ ይመልስለታል። ለደግነት ብሎ ነው፤ ተማሪው ግን ይከፋዋል። ሌላም አለ። በጋሊክ ለጓደኛ የሚባለውና ለታላቅ የሚባለው ይለያያል። እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» እንደምንለው ነው። እንግሊዝኛ ይህ የለውም። ተማሪው ሽማግሌውን «አንተ» እንዳይል ይጨነቃል።

ከ2019 ዓ.ም. ወዲህ ጋሊክን በእጅ ስልክ መማር ተችሏል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዓለም ዙሪያ ጀምረዋል። መጀመር ግን መጨረስ አይደለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ካልታቀፉት ግን እንቁላል ሆኖ ይቀራል።

በ2025 ዓ.ም. የስኮትላንድ ፓርላማ ጋሊክን በሕግ የአገሩ መንግሥታዊ ቋንቋ አደረገው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም በ2020 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት አስጠንቅቋል። በደሴቶቹ ቤቶችና መንደሮች ጋሊክ የዕለት መነጋገሪያ መሆኑ በፍጥነት እየቀረ ነው ብሏል። ተማሪ ይጨምራል፤ በምድጃ ዙሪያ የሚያወራው ግን ይቀንሳል። ሕግ ሰሌዳ ይተክላል። ትምህርት ቤት ፊደል ያስቆጥራል። ልጅን በቋንቋው «ና፣ ብላ» የሚለው ግን ወላጅ ነው።

ለዚህ ነው የጎተራው ጎልማሶች የሚደክሙት። በአንገት ላይ በተንጠለጠለ እንጨት የተወሰደውን በደብተርና በእርሳስ እየመለሱ ነው። ከመካከላቸው የሚበረቱት ወደ ቤት ገብተው ለልጆቻቸው ይናገሩታል። ያኔ ቋንቋው ትምህርት መሆኑ ቀርቶ የቤት ወሬ ይሆናል።

እናንተም ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። ደብተራችሁን አውጡ። ከቤታችሁ ፊት ለፊት ያለውን ተራራ ወይም ወንዝ ስም ጻፉ። ትርጉሙን ሽማግሌዎችን ጠይቁ። የነገሯችሁን ከሥሩ ጻፉ። ልጆቻችሁ ያንብቡት።