ባሕሩን ለማየት ብቻ

በጎጃም ሰው ከቤቱ ተነሥቶ መንገድ የሚሄድበት ምክንያት የታወቀ ነው። ዘመድ ሲሞት ለልቅሶ፣ ልጅ ሲዳር ለሰርግ፣ ርስት ሲነካ ለሙግት፣ እህል ሲደርስ ለገበያ፣ ሕመም ሲጠና ለጠበል ይሄዳል፤ ስእለት ያለበትም ስእለቱን ሊያደርስ ይሄዳል። ከነዚህ በቀር ስንቅ ቋጥሮና ገንዘብ ከፍሎ አገር ለማየት ብቻ የሚወጣ ሰው ቢገኝ፣ ጎረቤቱ ወይ አእምሮው ተናውጧል ይለዋል፣ ወይም የሚደብቀው ነገር አለ ብሎ ይጠረጥረዋል።

ስለዚህ በ2007 ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ አስተርእዮ ማርያም ካለፈች በኋላ፣ በፍኖተ ሰላም የሚኖሩ አንድ መምህርና ሚስቱ ወደ ባሕር ዳር ሊሄዱ መነሣታቸው በተሰማ ጊዜ ጠያቂው በዛ። ወሩ የሰርግ ወር ነውና «የማን ሰርግ ነው?» ተባሉ። ሰርግ አለመሆኑን በነገሩ ጊዜ «እንግዲያስ ማን ታመመባችሁ?» ተባሉ። ሚስቲቱ አፈር አፈር እያለች «ባሕሩን ልናይ ነው» ብላ ብትመልስ፣ ጠያቂዋ ሴት ሳቀችና «ባሕሩስ የት ይሄድባችኋል?» አለቻት።

ነገሩ ለሚስቲቱም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ለወጥ ቤቱ የቆርቆሮ መለወጫ የሚሆን ገንዘብ አጠራቅመው ነበርና፣ ባልዮው ከዚያ ላይ 2,500 ብር ይነሣ ባለ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ አላነጋገረችውም። ክረምት ሲገባ ዝናሙ የሚያንጠባጥበው በርስዋ ምድጃ ላይ እንጂ በርሱ መጽሐፍ ላይ አይደለምና ቍጣዋ ያለ ምክንያት አልነበረም። እርሱ ግን በልጅነቱ በቅኔ ቤት ሳለ ስለ ጣና ደሴቶች ከየኔታ የሰማው ነገር ከልቡ አልወጣም። በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ ጦርነት ጊዜ የአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ ሸሽተው መዳናቸውን፣ በዳጋ እስጢፋኖስም የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ማረፉን ለተማሪዎቹ ሲናገር ሃያ አራት ዓመት ሆነው፤ እርሱ ራሱ ግን ከደሴቶቹ አንዱን እንኳ አላየም ነበር። በአራተኛው ቀን «ያላየሁትን ሳስተምር ላረጅ ነው» አላት። ሚስቲቱን የረታት ይህ ቃል ነው።

ከአንባብያን መካከል «ጣና ሐይቅ እንጂ ባሕር አይደለም» የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው፤ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራስዋን የቻለች መንግሥት ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የጨው ባሕር ዳርቻ የላትም። የመምህሩ አጎት በወታደርነቱ ዘመን ምጽዋን ያየ ሰው ነበርና «ውሃ ሞልቶ ሳለ ሰው የሚጠማበት አገር» እያለ ያወራ ነበር። ይሁን እንጂ የጎጃም ገበሬ ዳርቻው ከዐይን የራቀውን ውሃ ሁሉ ባሕር ይለዋል፤ ከተማይቱም በስምዋ ይህንኑ ትመሰክራለች። ይህ ባሕር ከጨው ባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተራራ መካከል የተቀመጠ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር ብዙ የማያልፍ ነው።

መንገዱ መጀመሪያ ቡሬን ያገኛል። ሚስቲቱ የተወለደችው በዚያ ነው። አባትዋ ከቡሬ ቈላውን ወርዶ፣ ዐባይን ተሻግሮ፣ ከወለጋ ጋር በበቅሎ የሚነግድ ሰው ነበረ። ልጅ ሳለች አንድ ጊዜ እስከ መልካው ይዟት ወርዶ ነበርና ስለ ዐባይ የምታስታውሰው ሙቀቱን፣ የውሃውን መደፍረስና የአባትዋን ዝምታ ነው፤ የአባትዋን ታናሽ ወንድም ከነበቅሎው የወሰደው በዚያው መልካ ነበርና። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው የዐባይ ስም በበጎ ተነሥቶ አያውቅም።

ደግሞም ዐባይን በሌላ ፊቱ ታውቀዋለች። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ታማ ሳለች በሰከላ ወደሚገኘው ወደ ግሽ ዐባይ ጠበል ወስደዋት ነበር። በዚያ ዐባይ ገና ምንጭ ነው። ጻድቁ አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጥተው ወደ እስር ከሄዱ በኋላ፣ ሲመለሱ ውሃው ሳያረጥብ እንደ መለሰላቸው በገድላቸው የሚነገረው በዚህ ስፍራ ነው። ይህን ምንጭ ለማየት ጴጥሮስ ፓኤዝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1770 ስንት አገር አቋርጠው መጥተዋል። ሁለቱ የመጡት ሊያዩ ነው፤ እርስዋ ግን በብርድ ልብስ ተጠቅልላ በሰው ትከሻ ወርዳ ስለ ነበር፣ ከቅዝቃዜው በቀር ያየችው ነገር ትዝ አይላትም።

አውቶቡሱ ቲሊሊን፣ እንጅባራንና ዳንግላን አልፎ መራዊ በደረሰ ጊዜ፣ አገሩ ሁሉ ገለባ ሆኖ ሳለ በቆጋ ግድብ መስኖ የለማው መሬት ለምልሞ ታየ። ሚስቲቱ በጥር አረንጓዴ ማሳ በማየትዋ እጅግ ተደንቃ፣ ባልዋ ስለ ሌላ ነገር ሲነግራት አልሰማችውም።

ስለ ከተማይቱ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ዘንባባ የተተከለበት ሰፊ ጎዳናዋን ያየ ሁሉ ያወድሳታል፤ በውሃው ዳር ቡና የሚጠጣ ሕዝብም ሞልቶባታል። ሚስቲቱ በመጀመሪያው ምሽት ከዳርቻው ወርዳ በእጅዋ ውሃ ዘግና ቀመሰችና «የአጎትህ ጨው የለበትም» ብላ ሳቀች። ከቤት ከወጡ ወዲህ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው።

በማግሥቱ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ በማለዳ በሞተር ጀልባ ሄዱ። ወደ ክብራን ገብርኤል በቀረቡ ጊዜ ባለ ጀልባው ሞተሩን አቀዝቅዞ «እናቴ፣ እርስዎ ከዚሁ ይቈዩ፤ ወደዚህ ገዳም ሴት አትገባም» አላት። መምህሩ ይህን ያውቅ ነበር። ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቆየ ገዳም መሆኑን፣ ሥርዐቱም የአባቶች ሥርዐት መሆኑን ለተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ ተናግሯል፤ ለሚስቱ ግን አንድ ቀን እንኳ አልነገራትም። ብትሰማ ከቤትዋ አትነሣም ብሎ ፈርቶ ይሆናል። መነኮሳት ለተጋድሏቸው የወሰኑትን ወሰን ማንም ሊነቅፍ አይገባውም፤ የባልዮው ዝምታ ግን የሚነቀፍ ነበር፤ እርሱም ይህን ያን ጊዜ በሚስቱ ፊት ላይ አነበበው።

«እንግዲያው እኔም አልወጣም» አላት።

«ቆርቆሮዬን ያስጣልኸኝ ለዚህ አይደለምን? ግባ። አይተህ ንገረኝ» አለችው።

ገባ። በጫካው መካከል የቆመውን ክብ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ፣ አንድ አረጋዊ መነኵሴ የሚያሳዩትን የብራና ወንጌል ከነሥዕሉ አየ። የሃያ አራት ዓመት ምኞቱ በፊቱ ተዘርግቶ ሳለ ግን ልቡ ከታች ከጀልባው ነበረ። ከግማሽ ሰዓት በፊት ተመልሶ ወረደ።

«ምን አየህ?» አለችው።

«ወንጌል አየሁ። ትልቅ ነው። ሥዕል አለው።»

«ሥዕሉ ምን ይመስላል?»

መምህሩ ሊናገር ፈለገ፤ ነገር ግን የቀሚሱን ቀለም እንኳ በትክክል ሊያስታውስ አልቻለም። እርስዋ ግን በዚያች ግማሽ ሰዓት ያየችው ብዙ ነበር። ከመንቍሩ በታች እንደ ከረጢት ያለ የሚንጠለጠልበት ትልቅ ነጭ ወፍ አይታ ነበር። እንጨት ጭኖ ከዘጌ በኩል የመጣ ታንኳም በአጠገባቸው ሲያልፍ አይታ፣ ደንገል ውሃ እየጠጣ እንዴት እንደማይሰጥም ባለ ጀልባውን ጠይቃው ነበር። እርሱም የደንገል ታንኳ ከውሃ በወጣ ቍጥር በፀሐይ ላይ ቆሞ እንደሚደርቅ፣ ሳይደርቅ የተመለሰ እንደሆነም እየከበደ እንደሚሄድ፣ ሲያረጅም ሌላ እንደሚሠራ ነግሯታል። መምህሩ ስለ ታንኳ ለተማሪዎቹ የሚናገረው ከዚያ ወዲህ የሚስቱን ቃል ነው።

በአቅራቢያው ወዳለው ወደ እንጦስ ኢየሱስ ሴትም ትገባለችና ሁለቱ አብረው ተሳለሙ። ከዚያ ወደ ዘጌ ተሻገሩ። የዘጌ ነገር ለምዕራብ ጎጃም ሰው እንግዳ ነው። እንደ ጥንቱ ሥርዐት በዚያ ሞፈር አይገባም፣ ከብትም አይረባም፤ ምድሩ ሁሉ ጫካና ቡና ነው። የአገሩ ሰው እንደሚተርከው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ። ሚስቲቱ «በሬ የሌለበት አገር በምን ይኖራል?» እያለች በቡናው ጥላ ሥር ሄደች፤ መልሱንም በየደጁ በሰሌን ላይ ተሰጥቶ አየችው።

በዑራ ኪዳነ ምሕረት ቅድስት ግድግዳ ላይ ከተሣሉት ሥዕሎች መካከል የበላዔ ሰብእ ታሪክ አለ። ይህን ታሪክ በተአምረ ማርያም ሲነበብ ከልጅነትዋ ጀምሮ የሰማችው ነው፤ የሚቀጥለው ወርም የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል የሚውልበት ነበር። አሁን ግን የበላቸውን ሰዎች፣ የተጠማውን ድኻና ያችን ጥርኝ ውሃ በቀለም አየቻት። መሪው ሌላውን ሥዕል ሊያሳያቸው ቢያልፍ እርስዋ አልተከተለችም። ባልዋም ይህን ጊዜ አላጣደፋትም፤ ከአጠገብዋ ቆሞ ጠበቃት። ሰው ሊያይ ብቻ ወጥቶ ምን ያተርፋል ለሚል ጠያቂ፣ ከዚህ የተሻለ መልስ ማምጣት ያስቸግራል፤ በጆሮ አርባ ዓመት የኖረ ነገር በዐይን በገባ ጊዜ አዲስ ሆኖ ነበርና።

መምህሩ በሦስተኛው ቀን ጢስ ዐባይን ሊያሳያት ዐስቦ ነበር። ሆኖም የጥር ፏፏቴ የክረምቱን ያህል አይደለም፤ ውሃውም ለኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚወሰድ ከቀድሞው ቀንሷል፤ ገንዘባቸውም ወደ ማለቁ ነበር። ስለዚህ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጡ። ከዚያ ላይ ዐባይ ከባሕሩ ተለይቶ ሲሄድ ይታያል። በ2016 ዓ.ም. በግንቦት የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲስ ድልድይ ያን ጊዜ ገና አልተሠራም ነበር።

«ያ ወንዝ ምንድር ነው?» አለች።

«ዐባይ ነዋ።»

«አይደለም» አለች። ዐባይን የምታውቀው እርስዋ ናት፤ ዐባይ ድፍርስ ነው፣ ዐባይ ይጮኻል፤ ይህ ግን ጸጥ ብሎ በደንገል መካከል የሚሄድ ነው። መምህሩ ተቀመጠና በእንጨት አፈሩ ላይ ሣለላት። በሰከላ ጠበል የሆነላት ውሃ ግልገል ዐባይ ተብሎ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል። ከጣና በዚህ በኩል ይወጣል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደቡብ፣ ኋላም ወደ ምዕራብ እየታጠፈ ጎጃምን ዞሮ ከቡሬ በታች ያልፋል። ፈጣምና ብር ግን በአቋራጭ ወደ ደቡብ ወርደው በዚያው ይቀላቀሉታል። ሥዕሉ ሲያልቅ እንደ ቀለበት ሆነ፤ አንድ ጎኑ ብቻ ክፍት ነበር።

ሚስቲቱ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ጣትዋን ከምንጩ ላይ አድርጋ መስመሩን እየተከተለች ከቡሬ በታች ስትደርስ አቆመች።

«ያዳነኝም አጎቴን የወሰደውም አንድ ነው?»

«አንድ ነው።»

«ታዲያ ዛሬ ከዚህ የሚወጣው ውሃ መልካው ዘንድ በስንት ቀን ይደርሳል?»

መምህሩ መልስ አጣ። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀው አንድም ተማሪ አልነበረም። አውቶቡሱ በሰባት ሰዓት የሚነሣ ነውና ከኮረብታው ወርደው ወደ መናኸሪያው ሄዱ። ያገኙት ወንበር የመጨረሻው ነበር፤ እርስዋም የዘጌውን ቡና በጭንዋ ላይ አድርጋ፣ በበጋ ይሆን በክረምት የሚፈጥነው እያለች እስከ መራዊ ድረስ ስትጠይቀው ሄደች።