በኒው ዮርክ አንድ የመንገድ ጥግ

ኒው ዮርክን ለመጐብኘት የሚሄድ መንገደኛ አስቀድሞ ዓይኑን የሚጥለው ሰማይ ጠቀስ በሆኑት ሕንፃዎች ላይ ነው። ከዋሽንግተን አደባባይ መናፈሻ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ተራምዶ ከግሪን መንገድ ጥግ የሚቆም ግን ብዙ አይደለም። በዚያ ጥግ አንድ ባለ 10 ፎቅ ሕንፃ ይገኛል። ዛሬ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ስለ ሆነ፣ መጽሐፋቸውን ያቀፉ ተማሪዎች ሲገቡበትና ሲወጡበት ይውላሉ።

ከመቶ ዓመት በፊት ግን የሕንፃው የላይኞቹ 3 ፎቆች ትራያንግል የተባለ የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ ነበሩ። ከ500 ያህሉ ሠራተኞች አብዛኞቹ ከምሥራቅ ኤሮፓና ከኢጣልያ የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1911፣ ቅዳሜ፣ ሥራ ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከቁርጥራጭ ጨርቅ መካከል እሳት ተነሣ። በ9ኛው ፎቅ አንደኛው መውጫ በር ተቆልፎ ነበር፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላልም ከ6ኛው ፎቅ አላለፈም። ብዙዎቹ ከመስኮት ዘለሉ። የሞቱት 146 ነበሩ።

ባለቤቶቹ ተከሰው በዚያው ዓመት በዲሴምበር በነፃ ተለቀቁ። ለተቃጠለው ንብረታቸውም የእሳት ኢንሹራንስ ገንዘብ ተቀበሉ። ለከሰሱት ቤተሰቦች ግን እ.ኤ.አ. በ1914 ስለ አንድ ነፍስ 75 ዶላር ተከፈለ። ሸሚዙ ኢንሹራንስ ነበረው፤ ሰፊዋ ግን አልነበራትም።

ይበልጥ የሚያስገርመው ከቃጠሎው አንድ ቀን አስቀድሞ የሆነው ነገር ነው። በአደገኛ ሥራ ላይ ሠራተኛ ሲጎዳ፣ አሠሪው ባያጠፋም እንኳ ካሣ እንዲከፍል የሚያዝ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1910 ወጥቶ ነበር። የግዛቱ ከፍተኛ የይግባኝ ፍርድ ቤት ግን ማርች 24 ቀን 1911፣ ጥፋት ከሌለበት ሰው ንብረት መውሰድ ነው በማለት ሕጉን ሻረው። ሕዝቡም እ.ኤ.አ. በ1913 የግዛቱ ሕገ መንግሥት እንዲሻሻል ድምፁን ሰጠ፤ አዲሱም ሕግ በ1914 በሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ በዚያ ግዛት የተጎዳ ሠራተኛ «ጥፋቱ የማን ነው?» ሳይባል ሕክምናውንና ከደመወዙ ከፊሉን ያገኛል። በምትኩም አሠሪውን በፍርድ ቤት የመክሰስ መብቱን በአብዛኛው ይተዋል።

ይህን ኢንሹራንስ የሚገዛው አሠሪው ነው። የልብስ ፋብሪካ ባለቤት ለሠራተኞቹ ከሚከፍለው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ደመወዝ ላይ፣ እንደ ሥራው ዓይነት የተወሰነ አረቦን ያወጣል። መርፌው ጣት ይወጋል፤ የጨርቅ መቁረጫው ስለት እጅ ይቆርጣል፤ የካውያው እንፋሎት ያቃጥላል፤ ቀኑን ሙሉ ማቀርቀርም ትከሻና ወገብ ያሳምማል። አረቦኑ ከተወሰነ መጠን በሚያልፍ ፋብሪካ ደግሞ ያለፉት ዓመታት አደጋዎች ይታሰባሉ፤ አደጋው የበዛበት ይጨመርበታል፣ ያነሰለት ይቀነስለታል። እንግዲህ ለስለቱ መከለያ የሠራ፣ መውጫ በሩንም ክፍት ያደረገ ባለቤት ለሕሊናው ብቻ ሳይሆን ለሒሳብ መዝገቡም ይጠቀማል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 በሕንፃው ግድግዳ ላይ የብረት መታሰቢያ ቆመ። የሟቾቹ ስም ብረቱን ዘልቆ ተቀርጿል፤ ከታች ባለው ጥቁር ሰሌዳም እንደ መስተዋት ሲንጸባረቅ ይነበባል። አረቦኑ በዛ የሚል የሒሳብ ሰው ቢኖር፣ ወደዚህ ጥግ ብቅ ብሎ ስሞቹን ይቍጠር።